አንቶኒ ሆፕኪንስ ሲናገርና ዝም ሲል

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ብሪታንያዊው አንጋፋ የመድረክና የፊልም ተዋናይ ስለ አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። ሦስቱም የተጻፉት ከከተማችን ዳርና ዳር ነው፤ አንዱ ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ከሰበታ፣ አንዱ ደግሞ ከየካ አባዶ። ስለዚህ የዐምዱን ቦታ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ እኖራለሁ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን ፊልም እናያለን፤ አይተንም እንከራከራለን። ከመካከላችን አንዱ፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ሰው በላውን ዶክተር ሆኖ ከሠራ ወዲህ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም ባይ ነው። እኔም ይህንኑ ሰው «ትራንስፎርመርስ» ውስጥ ሳየው አፈርኩለት። ሐያስያን ስለዚህ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጓደኛዎ የሚያነሣው በ1991 የወጣውን የጆናታን ዴሚን «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» መሆኑ ነው። ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች፣ ማለትም የምርጥ ፊልምን፣ የዳይሬክተርን፣ የዋና ወንድና የዋና ሴት ተዋንያንን፣ እንዲሁም ከመጽሐፍ የተወሰደ የፊልም ጽሑፍን ሽልማት ጠራርጎ ወስዷል። ሆፕኪንስ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጀው በዚህ ፊልም ውስጥ የሚታየው ሃያ አምስት ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ የዋና ተዋናይን ሽልማት መውሰዱ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ በኮተቤ መንገድ ዳር በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን ነው። እንግሊዝኛውን በቅጡ የሚሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ ከሁለት አይበልጥም ነበር። ወጣቷ ሠልጣኝ መርማሪ በእስር ቤቱ ኮሪደር አልፋ የመጨረሻው ክፍል ፊት ስትደርስ፣ እንደ ሌሎቹ እስረኞች የሚጮኽና የሚንፈራገጥ ሰው አላገኘችም፤ እጆቹን ከጎኑ ሰብስቦ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው የሚጠብቃት አንድ ንጹሕ ሰውዬ ነው ያገኘችው። ያን ጊዜ ከኋላዬ ሲሰማ የነበረው የቆሎ ቆርጠም ቆርጠም በአንድ አፍታ ቀጥ አለ። ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት ፈራነው። ሲናገርም ምን እንዳለ የገባን ጥቂቶች ነበርን፤ ዐይኑ ግን በቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ ስለሚያይ፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ የነበሩት ልጆች አንገታቸውን ይሰብሩለት ነበር።

ሐያስያን ሁሉ ግን አልተስማሙበትም። የቺካጎው ጂን ሲስክል የሙያ ባልደረባው ሮጀር ኢበርት ሲያሞግሰው እርሱ ፊልሙን አልወደድኩትም ብሎ በይፋ ተናግሯል። ሌሎች ደግሞ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በ1986 በማይክል ማን «ማንሃንተር» ውስጥ የተጫወተውን ስኮትላንዳዊውን ብራያን ኮክስን ያስቀድማሉ። የእነዚህ ሰዎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም፦ ኮክስ በታክሲ ወረፋ ላይ አጠገባችን ሊቆም የሚችል ሰው ነው፤ ሆፕኪንስ ግን የመድረክ ጭራቅ ነው፣ በክፋቱ ይደሰታል፣ እንድናደንቀውም ይፈልጋል ይላሉ።

እኔ ይህ ነቀፌታ ለመጀመሪያው ፊልም ግማሽ እውነት፣ በ2001 ለወጣው ለተከታዩ ፊልም ለ«ሀኒባል» ግን ሙሉ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ሆፕኪንስ ሠልጣኟን መርማሪ የምትጫወተውን ጆዲ ፎስተርን ያዳምጣል። እርሷ የልጅነቷን ታሪክ ስትነግረው ፊቱን ይመልከቱ፤ አንድም ነገር አያንቀሳቅስም፤ የሚጠጣ ሰው ይመስላል። ያ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የብቸኛ ሰው ረኀብም አለበት። በሁለተኛው ፊልም ዴሚም ፎስተርም የሉም፤ ሆፕኪንስ የቀረው ከራሱ ድምፅ ጋር ነው፤ ቃላቱን እያጣጣመ ይናገራል እንጂ የሚሰማው ሰው የለውም። ፊልሙ ሙሉ ጊዜ ሰጠው፤ ሙሉ ጊዜ ማግኘቱ ደግሞ ጎዳው።

በ2017 የወጣው የ«ትራንስፎርመርስ» ጉዳይም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ሰውዬው የመጣለትን ሁሉ ይሠራል የሚለው ወቀሳ ከብዙ ሐያስያን የሚሰማ ነው፤ ከሥራዎቹ ዝርዝር አንጻርም የሚያስተባብሉት አይደለም። እንዲህ ባሉት ፊልሞች ውስጥ የሚፈለገው ግርማ ሞገሱና ድምፁ ነው፤ አጠገቡ የሚቆመው በኮምፒዩተር የሚሣል ብረት ስለሆነ የሚያዳምጠው ፊት የለም። ማፈርዎ አግባብ ነው፤ እኔም አፍሬለታለሁ። ነገር ግን ከ1991 ወዲህ ሥራ የለውም የሚለው የጓደኛዎ ፍርድ ፈጽሞ ልክ አይደለም። «ሃዋርድስ ኤንድ» በ1992፣ «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» እና «ሻዶውላንድስ» በ1993 ነው የወጡት። በ«ዘ ቱ ፖፕስ» ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛን ሆኖ የተጫወተው በ2019 ነው። «ዘ ፋዘር» ደግሞ በ2020 መጣ፤ ስለ እርሱ ወረድ ብለን በስፋት እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ ትወና እማራለሁ። ሆፕኪንስ አንድን ጽሑፍ ሁለት መቶ ጊዜ ያነባል ሲባል ሰምቼ ተገርሜአለሁ። እውነት ነው? ለተማሪ የሚጠቅመው ፊልሙስ የትኛው ነው?

መልስ፦ እርሱ ራሱ በተለያዩ ጊዜያት በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው እውነት ነው፤ የፊልም ጽሑፉን ሁለት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ደጋግሞ ያነባል። ይህ ልማድ ለቅኔና ለዜማ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ቃሉ ከአፍ ሳይሆን ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ መደጋገም እኛም ዘንድ የታወቀ ነው። የዚህን ፍሬ ማየት ከፈለጉ በ1997 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግን «አሚስታድ» ይመልከቱ። ሆፕኪንስ እዚያ የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን ኩዊንሲ አዳምስን ገጸ ባሕርይ ይዞ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሽማግሌው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው የሚሄደው እየተራመደ፣ የደከመ ሰውነቱን እየጎተተ ነው፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ነው።

ሆኖም ይህን ፊልም ለተማሪ ስጠቁም በፊልሙ ላይ የቀረበውን ወቀሳ ማለፍ አልችልም። ታሪኩ በባርነት ተጭነው ሲወሰዱ በ1839 «አሚስታድ» በተባለችው መርከብ ላይ ያመፁት አፍሪካውያን ታሪክ ነው፤ መሪያቸውን ሲንኬን የተጫወተው ቤኒናዊው ጂሞን ሁንሱ ነው። ነገር ግን የኦስካር ዕጩነቱን ያገኘው ሆፕኪንስ ነው፤ የፊልሙም ማሠሪያ የተደረገው የነጩ ሽማግሌ ንግግር ነው። የነጻነታቸው ነገር በእነርሱ አንደበት ሳይሆን በጠበቃቸው አንደበት ተነገረ ብለው የወቀሱ ሐያስያን ትክክል ናቸው። የአንድ ተዋናይ ሥራ ድንቅ ሆኖ ሳለ የፊልሙን ሚዛን ሊያዛባ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለልምምድ ግን ከንግግሩ ይልቅ አንዲት እንባ ልምከርዎ። በ1980 በወጣው በዴቪድ ሊንች «ዘ ኤሌፋንት ማን» ውስጥ ሆፕኪንስ ሐኪም ነው። በከባድ ሕመም አካሉ የተዛባውን፣ ሰዎች በገንዘብ የሚያሳዩትን ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ካሜራው የሚሄደው ወደ በሽተኛው ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ፊት ነው። ቀስ እያለ ይቀርበዋል። ሆፕኪንስ ፊቱን አያጨማድድም፤ አያለቃቅስም፤ አፉ በትንሹ ከፈት እንዳለ ይቀራል፤ አንዲት እንባ ብቻ ትወርዳለች። እኛ ገና ምንም አላየንም፤ የሆነውን ሁሉ ያወቅነው ከፊቱ ነው። በመስታወት ፊት ቆመው ይህችን ይሞክሯት። እንባዋን ሳይሆን ከእንባዋ በፊት ያለውን ጸጥታ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። አራት ኪሎ አካባቢ ከነበረው አሮጌ ቤታችን ተነሥተን እዚህ ከገባን ወዲህ የመርሳቷ ነገር ብሷል፤ ማታ ማታ ነጠላዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቆምና «አሁንስ መሸ፤ ቤቴ አድርሱኝ» ትለናለች። በቀደም ልጄ በፍላሽ ያስጫነውን «ዘ ፋዘር» የሚባለውን ፊልም እርሷም ባለችበት አየነው። እኔ አለቀስኩ። ልጄ ግን «ሰዉ ሁሉ የሚቀያየርበት፣ መላ ቅጡ የጠፋ ፊልም ነው፤ ሽማግሌውም ቤት ውስጥ ከመንጎራደድ በቀር የሠራው ነገር የለም፤ የተሸለመው በስሙ ነው» አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይሄ ምስኪን ቤቱ ጠፍቶበት ነው፤ ለምን አያደርሱትም?» አለችን። ከልጄና ከእኔ የማን ፍርድ ይሻላል?

መልስ፦ ከእርስዎም ከልጅዎም ይልቅ የእናትዎ ፍርድ ይሻላል፤ ይህን የምለው እርስዎን ለማስደሰት አይደለም። ስለዚህ ፊልም ካነበብኳቸው ሒሶች መካከል ነገሩን እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የያዘ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ የሽልማቱን ነገር እንጨርሰው። ሆፕኪንስ በ«ዘ ፋዘር» የዋና ወንድ ተዋናይን ኦስካር ሲያገኝ የ83 ዓመት ሰው ነበር፤ በዚህ ዘርፍ በዚያ ዕድሜ ከእርሱ በፊት የተሸለመ የለም። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው የጠበቀው በ2020 በካንሰር ያረፈው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን እንዲሸለም ነበር፤ ስለዚህ የሆፕኪንስ ስም ሲጠራ ቅር የተሰኙ ነበሩ፤ «በስሙ ነው» የሚለውም ወሬ ከዚያ ቅሬታ ጋር ሳይነካካ አይቀርም። ሰውዬው በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልነበረም፤ በትውልድ አገሩ በዌልስ ነበር። በማግስቱ ባስተላለፈው መልእክት ቦዝማንን በክብር አስታውሷል። የቦዝማን ሞት ልብ የሚሰብር መሆኑ እና የሆፕኪንስ ሥራ ምን ያህል ነው የሚለው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልጅዎ መላ ቅጡ የጠፋ ያለው ነገር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ፊልሙን የሠራው ፈረንሳዊው ፍሎሪያን ዜለር ነው፤ ታሪኩም አስቀድሞ ራሱ የጻፈው ተውኔት ነበር፤ ለፊልም የመለሰው ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ከክሪስቶፈር ሃምፕተን ጋር ሆኖ ነው። ስለ መርሳት በሽታ የሚሠሩ ፊልሞች አብዛኞቹ በሽተኛውን ከውጭ ያሳዩናል፤ እኛ ጤነኞች ከሆኑት ልጆች ጎን ቆመን እናዝንለታለን። ዜለር ግን በሽተኛው ጭንቅላት ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋብን። ሴት ልጁን ኦሊቪያ ኮልማን ስትጫወት እናያለን፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ተዋናይት በእርሷ ቦታ መጥታ «ልጅህ ነኝ» ትለዋለች። የቤቱ ግድግዳ ቀለሙን ይለውጣል፤ ዕቃው ቦታውን ይለቃል፤ ሁልጊዜ ያየው የነበረ ሥዕል ተሰቅሎ ከነበረበት ይጠፋል። ልጅዎ ግራ ተጋብቶ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ከጠየቀ፣ ያን ጊዜ የጠየቀው ሽማግሌው የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው። ፊልሙ ልጅዎን ይዞታል ማለት ነው፤ እርሱ ግን የፊልሙ ስሕተት መሰለው።

ግማሹ ሥራ የቤቱና የጽሑፉ ነው፣ ሌላ ተዋናይ ቢሠራውም ያስለቅሰን ነበር የሚል ሰው ቢመጣ ግን በከንቱ ተናገረ አልለውም። ይህ ከሁሉም የሚከብድ ጥያቄ ስለሆነ አንዲት ትዕይንት ነጥዬ ልመልስ። ሽማግሌውን እንድትጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት ትመጣለች። ሰውዬው ይነቃል፤ ይጫወታል፤ ያስቃታል፤ በወጣትነቱ ዳንሰኛ እንደነበረ ነግሯት ብድግ ብሎ በእግሩ መሬቱን እየመታ ይጨፍርላታል። ልጁ «አባቴ መሐንዲስ ነበር እኮ» ስትል ታርመዋለች። እኛም እንስቃለን። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታው ገና ሳይጠፋ፣ ንግግሩ ይመራል፤ ወጣቷንም ልጁንም የሚያቆስል ቃል ይናገራል። የት ላይ እንደተለወጠ ለማግኘት ያንን ቦታ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት፤ ላገኘው አልቻልኩም። በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። መራቂው አፍ ሳይታሰብ ይራገማል፤ ማንም ምን እንዳስቆጣው አያውቅም። ይህን የሠራው የቤቱ ቀለም አይደለም።

«የሠራው ነገር የለም» የሚለው የልጅዎ ቃል ግን ከአንድ ፊልም አልፎ የእኛን የትወና ጣዕም የሚነካ ነው። እኛ ያደግነው በድምፅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ በዛብህንም ሰብለንም ፊታውራሪ መሸሻንም በአንድ ጉሮሮ አሳይቶናል፤ በመድረካችንም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎማቸው የሼክስፒር ሥራዎች ሲነገሩ አዳራሹን የሚያናውጥ አንደበት ይጠይቁ ነበር። ይህ ሀብታችን ነው፤ በማንም አልለውጠውም። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ የማይጮኽ ተዋናይ ሥራ የፈታ ይመስለናል። የሚገርመው ሆፕኪንስ ራሱ ድምፅ የሌለው ሰው አለመሆኑ ነው፤ በ1960ዎቹ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ወደሚመራው ብሔራዊ ቴአትር ገብቶ ያደገ የመድረክ ሰው ነው። ድምፁን የሚያስቀምጠው እያለው ነው።

ይህን ለልጅዎ ለማሳየት አንድ ሌላ ፊልም ያስጭኑለት፤ የጄምስ አይቮሪን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ»። ሆፕኪንስ እዚያ በአንድ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት የአገልጋዮች አለቃ ነው። የራሱ አባት በዚያው ቤት፣ በላይኛው ፎቅ ሲሞት እርሱ ታች ለእንግዶች መጠጥ ይቀዳል። ኤማ ቶምፕሰን የምትጫወታት የቤቱ ሴት ኃላፊ ትወደዋለች፤ እርሱም ይወዳታል፤ አንድም ጊዜ አይነጋገሩትም። አንድ ማታ ብቻውን ሲያነብ ትገባና ምን እያነበብክ ነው ትለዋለች። አይነግራትም። ትጠጋዋለች፤ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይይዘዋል፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች መጽሐፉን ታወጣዋለች። ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሆፕኪንስ ከመስኮቱ ጥግ ንቅንቅ አይልም፤ ዐይኑ ብቻ ከፀጉሯ ላይ ይቀራል፤ አንድ እጁ ሊነካት ይመስል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ መጽሐፉን ይቀበላትና ብቻውን እንድትተወው ይጠይቃታል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ ለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ስም በእንግሊዝኛውም አላገኘሁለትም። በሐያስያን መካከል ሰው በላውን ዶክተር ትተው ይህን የሥራዎቹ ቁንጮ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ «ዘ ፋዘር» ሲመለሱ የመጨረሻው ትዕይንት ለምን እንዲያ እንደሚከብድ ይታያል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ስድሳ ዓመት የኖረ ፊት በመጨረሻ ፈርሶ እንደ ሕፃን እናቱን ይጠራል። ገጸ ባሕርዩ የተዋናዩን ስም ይዟል፤ ፊልሙ ውስጥ የሚናገረው የልደት ቀንም የሆፕኪንስ የራሱ ነው፦ ታኅሣሥ 31 ቀን 1937። አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በራሱ ስምና በራሱ ልደት ተጠርቶ እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት መድፈሩ በትወና ችሎታ ብቻ የሚለካ አይመስለኝም።

እናትዎ ቋንቋውን ሳያውቁ ነገሩን መያዛቸው የማይገርመኝም ከዚህ የተነሣ ነው። እርሳቸው ያዩት ፊቱን ነው። ደግሞም የሚኖሩበት ቦታ ፊልሙን ይመስላል። የካ አባዶን አውቀዋለሁ፤ እኅቴን ልጠይቅ ስመጣ፣ ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ደረጃው አንድ ዓይነት፣ በሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የማስታወስ ችግር የሌለብኝ ሰው አንድ ፎቅ ዘልዬ ወጥቼ የሰው በር አንኳኩቼአለሁ። አራት ኪሎ የእናትዎ ቤት በድንጋዩ፣ በዋርካው ወይም በጎረቤቷ ድምፅ ይታወቅ ይሆናል፤ እዚህ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ሐኪም ባለመሆኔ ስለ ሕመማቸው የምለው የለኝም፤ ሐኪም እንዲያዩዋቸው ብቻ አደራ እላለሁ። ፊልሙን በማሳየትዎ ግን አይጸጸቱ። ቤቱ የጠፋበት ሰው ሌላም እንዳለ አይተዋል፤ አዝነውለታልም።

ልጅዎ እንደገና ለማየት ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እንዲከታተል ይንገሩት፦ የእጅ ሰዓቱን። ሽማግሌው ሰዓቱን ይደብቃል፤ የደበቀበትን ይረሳል፤ ተሰረቅሁ ይላል፤ የሌላ ሰው እጅ ላይ ያለውን ሰዓት በጥርጣሬ ያያል። ሆፕኪንስ ባዶ የእጅ አንጓውን በሌላው እጁ ስንት ጊዜ እንደሚነካ ይቁጠርና ከዚያ በኋላ «የሠራው ነገር የለም» ማለት ይችል እንደሆነ ይጻፍልን፤ ደብዳቤውን በደስታ እናትማለን።